አጭር ሞላ በሐረጎ ቁልቁለት

ልጄ የቴፑን ድምፅ ከፍ ያደረገው ሐረጎን ገና መውረድ እንደጀመርን፣ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከኋላ ጎማው አካባቢ አንድ ነገር ክርርር ብሎ ነበር፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ሞረድ ሲሳብ እንደሚሰማው ዓይነት። መኪናው ከጥምዙ ወጥቶ ሲቀና ድምፁ ጠፋ። ልጄ ወደ እኔ ዞር አላለም፤ እጁን ሰደደና መንዙማውን ከፍ አደረገው። እሱም እንደሰማ ያወቅሁት በዚህ ነው። እኔ እንዳልሰማ ፈልጎ ነው። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ።

ሐረጎን ለማያውቅ ልንገር። ደሴ ከላይ፣ ኮምቦልቻ ከታች ነው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ገደሉን በአንድ ጎኑ አድርጎ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ፣ ዘመዶቼ ያሉት ከደሴ ወዲያ ገራዶ ስለሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ተመላልሼበታለሁ፤ ሳልፈራ ያለፍኩበት ቀን ግን የለም። በሚኒባስ ስወርድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሎሚ እያሸተትኩ ነው።

ጊዜው ኢሕአዴግ ከገባ ዓመታት ያለፉበት ነው፤ ሞባይል ግን ገና በእኛ ዓይነቱ ሰው እጅ አልገባም። ልጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ በየሰዉ ቤት ሽቦ ይዘረጋል። አንድ አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ገዝቶ ነበርና ያቺን መኪና ሲወድ ለጉድ ነው። በኋላ መኪና ዝቅ ማድረግ ፋሽን ሆኖ መጣ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ አራት ቀያይ ሞላ በካርቶን አምጥቶ ግቢ ውስጥ ዘረገፈው። ሞላ እንግዲህ መኪናውን ከጎማው በላይ የሚሸከመው የተጠመጠመው ብረት ነው።

«ይኼ ከአሮጌው ያጥራል» አልኩት፣ አንዱን አንሥቼ መኪናው ሥር ካለው ጋር ሳስተያየው።

«ማጠሩ ነው ጥሩነቱ፣ እማ። መሬት ትይዛለች፤ ስትጠመዘዝ አታጋድልም። ሐረጎ ላይ ያቅለሸልሽሽ የለ? ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ነው? ለሰፈሩ ኮረዶች አይደለም?»

«ለአንቺም ለእነሱም» ብሎ ሳቀ።

መካኒክ አዲሶቹን ሲገጥም የፈታቸውን አሮጌዎቹን ልጄ ለቆራሌ ሊሸጣቸው ነበር። አምጣቸው አልኩና ከቤቱ ጀርባ ደረደርኳቸው፤ ዶሮዎቹ ይቀመጡባቸው ጀመር።

እውነቱን ለመናገር ልጄ አልዋሸም። ወደ ገራዶ ስንወጣ እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ መኪናው እንደ ድሮው ወዲህ ወዲያ አላንገላታኝም። ሎሚዬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ደሴ ገባሁ። ለራሴም ገርሞኝ ነበር።

የሄድነው ታላቅ ወንድሜን ልናመጣ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ኮምቦልቻ እኛ ጋ አርፈው ይታከሙ ተብሎ ነው። ወንድሜ ወፍራም ሰው ናቸው፣ ጨዋታም ያውቃሉ። መኪናው ደጃቸው ሲቆም ከዘራቸውን ይዘው አንድ ጊዜ ዞሩት።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያጎነበሰው?»

«እኔ ነኝ ዝቅ ያደረግኋት፣ አጎቴ።»

«ሱጁድ ወርዷል በለኛ። መቼ ነው የሚነሣው?»

መኪናውን ለስግደት በግንባሩ የተደፋ ሰው አስመስለውት ነውና የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ልጄም አብሮ ሳቀ፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ቀልዱ ከንክኖታል።

ልንነሣ ስንል የወንድሜ ሚስት አንድ ጆንያ ድንች አስይዛ መጣች። አስከትላ አንድ ጆንያ ባቄላ። ዘመድን ባዶ እጁን መሸኘት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የተሰጠን አልወስድም ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ምን ይላል ብዬ ልጄን አየሁት። ወንድሜ ቀደሙት።

«ይችላል? ወይስ በአህያ እንላከው?»

«ምን ሆና ነው የማትችለው? ሞላዋ አዲስ እኮ ነው። ጨምሩ» አለ ልጄ።

ጨምሩ ሲባሉ ጊዜ ጎረቤቶች ሌላ ጆንያ ድንች ጨመሩ። ወንድሜም ከኋላ ሲቀመጡ የመኪናው ቂጥ ወረደ። ሳየው በጎማውና በላዩ ባለው ቆርቆሮ መካከል እጅ አያሳልፍም። ባለመኪናው እሱ ነው፣ ያውቃል አልኩ።

ደሴን እስክናልፍ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ምንም አልተሰማም። ሐረጎ ሲጀምር ነው የመጣው።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ክርክርታው ረዘመ። ቴፑም አልሸፈነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ወንድሜ ከኋላ።

«ጠጠር ነው፣ አጎቴ። አብሽሩ።»

ጠጠር እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ግን መኪናህ አልቻለም ብዬ አጎቱ ፊት ብናገረው፣ ይችላል ብሎ ሊያሳየን እንደሚነዳ ደግሞ አውቃለሁ። ዝም ብል ጎማው እየተበላ ነው፤ ሲፈነዳ ገደሉ እዚሁ አጠገቤ ነው። በልቤ ያ አላህ እያልኩ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

«አቁምልኝ፤ ሊያስመልሰኝ ነው።»

«ስንወጣ ደኅና አልነበርሽ፣ እማ?»

«አሁን አቅለሸለሸኝ። አቁም አልኩህ።»

መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ሲደርስ ተራራውን ተጠግቶ አቆመ። ወርጄ በቀጥታ ወደ ኋላ ጎማው ሄድኩና ቁጢጥ አልኩ። የጎማው ትከሻ ዙሪያውን ተፍቆ ያብለጨልጫል። ከላይ ያለው ቆርቆሮ ጠርዙ እንደ ተሳለ ቢላዋ ነጥቷል። የደቀቀ ጎማ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ጎማው ራሱ ያቃጥላል።

ልጄ መጥቶ ከአጠገቤ ቆመ። «ያመመሽ መስሎኝ።»

«ተሻለኝ። እስቲ ይኼን እየው።»

ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ በዝግታ «ፈንድቶ ቢሆን…» አለና ተወው።

«አልፈነዳም። ጭነቱን እናውርድ።»

«አጎቴን ምን እላቸዋለሁ? ጨምሩ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ነገርኳቸው። ወንድሜ በከዘራቸው ወርደው መጡ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ጎማውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። እኔም ልጄም ቀልዳቸውን ጠበቅን።

«አንተ፣ ስለሳቅሁብህ ነው አይደል አትችልም ማለት ያቃተህ?»

ልጄ የኋላውን ከፍቶ አንዱን ጆንያ መሳብ ጀመረ።

«እኔ ከድንቹ አላንስም» አሉ። «መጀመሪያ እኔን አራግፈኝ።»

ጆንያዎቹን አውርደን ስንጨርስ ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና መጣ። ወንድሜ ከዘራቸውን አነሡ፤ ሾፌሩ አቆመ።

«ምን ገጠማችሁ፣ አባባ?»

«መኪናችን ሱጁድ ላይ ቀርቶ ነው።»

ሾፌሩ እየሳቀ ወረደ። ከልጄ ጋር ጆንያዎቹን ጫኑ፤ ወንድሜን ደግፈው ጋቢና አስገቧቸው። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ «እናቴ፣ ለእርስዎም ቦታ አለ፣ ይግቡ» አለኝ።

እግሬ ወደዚያ አምርቶ ነበር። ወላሂ፣ ያን ያህል ፈርቼ ነበር። ግን የእኛን መኪና አየሁት፤ ከጎማው ከፍ ብሏል። በጎማውና በቆርቆሮው መካከል እጄን ብሰድ አለፈ። ልጄንም አየሁት። እሱ ብቻውን ሲወርድ እኔ ከሌላ መኪና ሆኜ ምን አደርጋለሁ? ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና ቴፑን አጠፋሁት።

«ለምን አጠፋሽው?»

«እንስማው።»

በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ እያለ ነዳ። ጥምዙ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጆሯችንን ወደ ኋላ እናደርጋለን። ከጥምዙ ስንወጣ ልጄ ያየኛል፤ የለም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ምንም የለም። ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። እንዲህ ተባብለን ወረድን። መስኮቱን ከፈትኩት፤ የኮምቦልቻ ሞቅ ያለ አየር ገባ። መንገዱ ለጥ አለ።

ቤት ስንደርስ ወንድሜ ቀድመውን፣ በራችን ላይ የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ከሱጁድ ተነሣ?»

«ተነሣች፣ አጎቴ» አለ ልጄ። ማንም ሳያዘው ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ፤ ዶሮዎቹን እሽ ሲልና አሮጌዎቹን ሞላዎች ሲያንኳኳ ሰማሁ።

ወንድሜ አጠገብ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቺስ፣ ፍርሃቱ ለቀቀሽ?» አሉኝ።

«ደርሰናል፣ ወንድም ጋሼ» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን።»