ቦሊቪያ የሄደው ቀበቶዬ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የሚሰፋ ሳይሆን የሚተረተር ነበር። አሠሪዬ ግሬግ አንድ ያረጀ የተራራ ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መተርተሪያ አስያዘኝና «ሙሉውን ፍቺው» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ክር ስመዝ ዋልኩ። ወደ ማታ ላይ ማንገቻው ለብቻ፣ የወገብ ቀበቶው ለብቻ፣ ዚፑ ለብቻ ተደርድሮ አየና «በይ አሁን መልሰሽ ስፊው» ብሎኝ ሄደ። ደብረ ብርሃን በአባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ የሰው ልብስ ስሰፋ ያደግሁ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሻንጣ ግን ነክቼ አላውቅም። በማግስቱ ጨርሼ ሰጠሁት። አንዱን ማንገቻ ገልብጬ ሰፍቼው ኖሮ፣ ግሬግ ተሸክሞት እየተንጋደደ ክፍሉን ዞረና ስቆ ሲያበቃ ቀጠረኝ።

ወርክሾፑ በተሰደድኩበት ከተማ ዳር፣ ሰንሻይን ዌስት በሚባል ሰፈር ከፋብሪካዎቹ መሀል ነው። እኔ ከምኖርበት ሰፈር ከፍሌሚንግተን በባቡር፣ ቀጥሎ በባስ እመላለስ ነበር። ሥራችን በእግራቸው አገር ለሚዞሩ ሰዎች የጀርባ ሻንጣ መስፋትና መጠገን ነው። ድንኳናቸውን፣ ምግባቸውን፣ መኝታቸውን ተሸክመው ለሳምንታት ተራራ ለተራራ ይሄዳሉ። ይህን ለእህቴ በስልክ ስነግራት «ማን አባሯቸው ነው?» አለችኝ። ለደስታ ነው ብላት አላመነችኝም።

በወርክሾፑ ቆራጭ አለ፣ ሰፊ አለ፣ ዋና ሰፊ አለ። ቆራጩ ሸራውን በልኩ ይቆርጣል፤ ሰፊው ኪሱንና ጎኑን ይገጥማል። ዋና ሰፊ ደግሞ ሸክም የሚይዘውን ሁሉ ይሰፋል፤ ማንገቻውንና የወገብ ቀበቶውን ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሸክም የሚያርፈው ትከሻ ላይ ይመስላችኋል። አይደለም፤ ዳሌ አጥንት ላይ ነው። ቀበቶው ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ካላለ ዳሌ ላይ አይቀመጥም፣ ይንሸራተታል። ክብደት በሚጎትተው ቦታ ላይ የስፌት መኪናዬን ወደፊትና ወደኋላ እያመላለስኩ ስፌቱን አጠነክረዋለሁ። የኔ ቀበቶ ተበጥሶ የተመለሰበት ቀን የለም፤ ይህን ስል አላፍርም።

ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ቦሊቪያ ይሄዳሉ፤ አየሩ ሳስቶ ትንፋሽ የሚያጥርባት፣ ከፍታ ላይ ያለች የደቡብ አሜሪካ አገር ናት። ሲመለሱ ሻንጣው ለጥገና ወደ እኛ ይመጣል። እዚያ ትልቅ የጨው ሜዳ አለ፤ ጨው ደግሞ ዚፕ ይበላል። ዚፑን ስፈታ ጨዉ ጣቴ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ቀመስኩት።

ደንበኞቹ ቆመው ያወራሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ሌሊቱ ውርጭ ነው ይላሉ። ሰዉ ድንችና ገብስ ያበቅላል፤ ሴቶቹ ልጃቸውን በባለጥለት ጨርቅ አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ውርጭ፣ ድንች፣ ገብስ፣ ዳገት፤ ይሄ እኮ የደብረ ብርሃን ሰው ሲያማርር የሚዘረዝረው ነው። እነሱ ግን ዓይናቸው እያበራ ነው የሚያወሩት። አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት «አንቺ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «መሄድ አለብሽ» አለችኝ፤ ትራም ይዘሽ እዚሁ ከተማ ውስጥ ፊትዝሮይ ድረስ ብቅ በዪ እንደማለት ነበር አባባሏ።

ቀናሁ። የማን ልጅ ነሽ፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ የሚለኝ ሰው በሌለበት ደጋ ላይ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ የታሰረ ሻንጣ አዝዬ አንድ ጊዜ መሄድ አማረኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔን ግን አነቀዘኝ።

ራሄል የመጣችው እኔ ዋና ሰፊ ከሆንኩ በኋላ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን «እትዬ አስካለ፣ ክሩን ከየት ነው የምታመጪው?» አለችኝ። እትዬ ብላ አንቺ። ድሬ ላይ አንቱታ ሙቀቱ አቅልጦት ነው የጠፋው ብዬ ተረብኳት። «እናንተ ጋ ደግሞ ብርዱ አድርቆት ነው የቀረው» ብላ መለሰችልኝ። እጇ ፈጣን ነበር። ወደድኳት፤ ይህንን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ የሚቀጥለው እንዳልወደድኳት ስለሚያስመስል።

ግሬግ አዲስ ዓይነት ሻንጣ ሊያወጣ አሰበ። ከባለቤቱ ጋር ቦሊቪያ ወስደው ሊሞክሩት ፈለጉ፣ ከሰፊዎቹም አንዷን ይዘው፤ ሻንጣው መንገድ ላይ የት እንደሚቆረቁር፣ የት እንደሚላላ በዓይኗ እንድታይ፣ የተበጠሰ ካለም እዚያው እንድትሰፋ። በምሳ ሰዓት ሻዩን ይዞ መኪናዬ አጠገብ ቆመ።

«አስካለ፣ ከእኛ ጋር ቦሊቪያ መምጣት ትፈልጊያለሽ? ወጪው በወርክሾፑ ነው» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «ኧረ ይቅርብኝ፤ እኔን አሮጊቷን ይዛችሁ ለምን ትቸገራላችሁ» አለ።

እኛ ቤት ይህ እምቢታ አይደለም፤ የእሺታ መጀመሪያ ነው። «ብሉ» ሲባል «በልተን ነው የመጣን» ይባላል። ሲደገም «ኧረ ጠግበናል» ይባላል። በሦስተኛው «በሞቴ» ሲባል ሰው ቀረብ ብሎ ይበላል። በአንድ ጊዜ እሺ የሚል ስግብግብ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እናም ግሬግ ሁለተኛውን እስኪለኝ ጨርቁን መርፌው ሥር እንደያዝኩ ጠበቅኩ።

«ችግር የለም» አለና ሻዩን ይዞ ወደ ራሄል አለፈ።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አለችው፣ ጥያቄውን እንኳ ሳታስጨርሰው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። በሙቀት አገር ያደገችው፣ ወፍራም ጃኬት መልበስ እዚህ መጥታ የተማረችው ራሄል ውርጭ ልታይ ትሄዳለች። በውርጭ ያደግሁት እኔ ሰንሻይን ዌስት እቀራለሁ።

ግሬግ ነገሩን መልሶ ያነሳዋል ብዬ ሰነበትኩ። ሻዩን ይዞ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ። አንድ ቀን ጨክኜ «እኔ እኮ ከፍታ ላይ ነው የተወለድኩት፤ ትንፋሽ አያጥረኝም» አልኩት። «በጣም ደስ ይላል» አለና ሄደ። ቤት ስገባ ለልጄ ለዳዊት ነገርኩት። «ማም፣ ጀስት ቴል ሂም» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። እንዴት ብዬ? አንዴ ይቅርብኝ ያልኩትን፣ ያውም ለሌላ ሰው የተሰጠውን፣ ስጡኝ ብዬ ልለምን? ሞት ይሻለኛል።

ከዚያ የባሰው መጣ። የራሄልን ቀበቶ እንድሰፋ ታዘዝኩ። ሜትር ይዤ እግሯ ሥር ተንበረከክሁና ዳሌዋን ለካሁ። ስፒል በጥርሴ ነክሻለሁ፤ ደግ ሆነ፣ ባልነክስ ምን ይወጣኝ እንደነበር አይታወቅም። «እትዬ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጊው» ትለኛለች ከላይ ሆና። መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ አንዷን ስፌት ላላ ባደርጋት ማን ያውቃል? እጄ ግን እምቢ አለ። ለቅናት ብዬ ሥራ አላበላሽም። እንዲያውም ከወትሮው አብልጬ አጠነከርኩት።

ሄዱ። ፎቶው በወርክሾፑ ግሩፕ ይጎርፍ ጀመር። ራሄል የጨው ሜዳው ላይ ስትዘል። ራሄል ከላማ ጋር፤ ላማ አንገቱ የረዘመ በግ የሚመስል የዚያ አገር የጭነት እንስሳ ነው። በሁሉም ፎቶ ወገቧ ላይ የኔ ቀበቶ አለ። አንድ ቀን በድምፅ መልእክት «እትዬ፣ እዚህ ጉንጫቸው ውስጥ ቅጠል ወትፈው ነው ዳገት የሚወጡት፤ ድሬ የገባሁ መሰለኝ» ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ከፍታው ጥሏት ራሷን እንዳመማትና እንዳስመለሳት ጻፈች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። «ውሃ ጠጪ፣ ቀስ እያልሽ ሂጂ» ብዬ ግን መለስኩላት። ምክሩ ትክክለኛ ነበር።

ስትመለስ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቀበቶውን አገላብጬ አየሁት፤ አንድ ክር አልወጣም። ሻንጣውን አብረን እየፈታን ታወራልኝ ጀመር። በአንድ መንደር አንዲት አሮጊት ቤት አደሩ። ሴትየዋ የድንች ሾርባ አቀረበች። ግሬግ ከፍታው አስቸግሮት ምግብ አላሰኘውምና «አይ፣ አመሰግናለሁ» አላት።

«ሳህኑን አልመለሰችውም» አለች ራሄል። «እንደገና ሰጠችው፣ እንደገና አይ አለ። መጨረሻ ላይ እጁን ይዛ ማንኪያውን አስጨበጠችው፤ ምን ያድርግ፣ በላ። እኔ ሳይ አንቺን አስታወስኩ።»

መተርተሪያውን አስቀመጥኩ። ለካ ሦስት ጊዜ የሚጠይቁበት አገር ነው የቀረብኝ።

«ያን ቀን ግሬግ ሲጠይቀኝ ሰምተሽ ነበር?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«መፈለጌንስ አውቀሽ ነበር?»

«አበሻ አይደለሁ እንዴ? አውቄያለሁ።»

«ታዲያ?»

«እኔም ፈልጌ ነበር፣ እትዬ።»

ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እቆጣት ነበር። ከዚያ አገር ያመጣችልኝን ባለጥለት ማዘያ ጨርቅ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ ሎከሬ ውስጥ ከተትኩት። ለረጅም ጊዜ አላወጣሁትም።

ግሬግ አንዱን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ደንበኛ የሚገባበት በር አጠገብ ሰቀለው። ራሄል አቀበት ጫፍ ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ በረዶ የለበሰ ተራራ። ደንበኞች «የሰፋችው እሷ ናት?» እያሉ ይጠይቃሉ። ራሄል ሁልጊዜ ጣቷን ወደ እኔ ትቀስራለች። እነሱ ፈገግ ይሉልኝና ተመልሰው ፎቶውን ያያሉ። ጠዋት ጠዋት በዚያ በር ስገባ አንገቴን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

ዓመታት አለፉ። ጉልበቴ ከባስ መውረድ እንኳ ሲያስቸግረው ሥራ የማቆምበት ጊዜ ደረሰ። በመጨረሻው ቀን ኬክ ቆረስን፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ግሬግ እንደ ልማዱ ሻዩን ይዞ መኪናዬ አጠገብ ቆመ።

«አስካለ፣ መኪናሽን ወደ ቤትሽ መውሰድ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ከዚያች መኪና ጋር ነው። ድምፅዋን ሰምቼ የቱ ጋ ዘይት እንደጠማት አውቃለሁ። ከዚያ ቤት ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። አፌ ግን እንደለመደው «ኧረ፣ ለምን ትቸገራላችሁ…» ብሎ ጀመረ። ግሬግም «ችግር የለም» ሊል ሲዘጋጅ ከፊቱ አየሁት።

ራሄል ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ በሞቴ» አለችኝ።

«እፈልጋለሁ» አልኩት። «አዎ፣ መኪናዬን እፈልጋለሁ።»

ዛሬ ዋና ሰፊዋ ራሄል ናት። መኪናዬ ፍሌሚንግተን፣ መስኮቴ ሥር ተቀምጣለች፤ አቧራ እንዳይገባት ያ ባለጥለት ጨርቅ ይሸፍናታል። የጎረቤቶቼን ዚፕ እቀይርባታለሁ። ለዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ቀበቶውን ከማንገቻው አስቀድማችሁ ስፉ። ስትጠየቁም የምትፈልጉትን በመጀመሪያው ተናገሩ፤ እዚህ የሚጠየቀው አንዴ ነው። እኔ ቦሊቪያን አላየሁም። ራሄል አይታለች። እስካሁን እቀናባታለሁ።