የረቡዕ ሰንበት

የእኛ የቤተ እስራኤል ሰው ዝምተኛ ነው፣ የሰጡትን ይሠራል፣ አያጉረመርምም ይባላል። ውሸት ነው። እንዲህ የሚሉት በጠዋቱ የፋብሪካ መኪና ከእኛ ጋር ተሳፍረው የማያውቁ ናቸው። እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ ሻዓራይም ከሚባለው ሰፈራችን ተነስተን ከከተማዋ ዳር ወዳለው የሰላጣ ፋብሪካ እስክንደርስ የሚሰማው ማጉረምረም የሞተሩን ድምፅ ያስንቅ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ተቀምጬ ለወዝአደሩ ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። ድሉ አይቀሬ ነው ተብሎ ሲነበብልኝ አንድም ወዝአደር በቅርብ አላየሁም ነበር። ያየሁት ረሆቮት ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፤ የፕላስቲክ ቆብ አጥልቆ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ፣ በጎንደርኛ ሲያወራ።

እኔ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፣ ቋሚ ሠራተኛ። በመኪናው አብረውኝ የሚሳፈሩት ግን የቃብላን ነበሩ፤ ሰው ለፋብሪካ የሚያከራይ ተቋራጭ ማለት ነው። ቋሚ እንዳይሆኑ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ያሰናብታቸዋል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደ አዲስ ይቀጥራቸዋል። በዚህ ዓይነት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጀማሪ ሆኖ ሊኖር ይችላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አጠገቤ የሚቀመጡት የሰላጣ ዕቃ ክዳን ገጣሚ ሴት ወረቀት ሰጡኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሃምሳውን ያለፉ እናት ናቸው።

«እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ። እንደ ልማዳቸው ሊያሳርፉኝ ነው?»

አነበብኩት። ሐሙስ የመጨረሻ ቀናቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለስም የለም። ዕድሜ የሚል ቃል አልተጻፈበትም፤ ሌላ ምክንያትም አልተጻፈበትም።

«ከእንግዲህ እኔን ማን ይቀጥራል?» አሉ።

የክበቡ ትምህርት ድንገት ትዝ አለኝና «አድማ እንምታ» አልኩ።

«አድማ?» ሴትዮዋ ከእኔ ፈቀቅ አሉ። «እኔ በማን ላይ አደምሁ? ስሜን አታጥፋ!»

ለእኔ አድማ ሥራ ማቆም ነው። ከጎንደር ገጠር ለመጡት ግን ተደብቆ መዶለት ነው፣ የነገረኛ ሥራ።

«የአዲስ አበባ ሰው፣ ገና በጠዋቱ ነገር ይፈልጋል!» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳሳቁ።

ባስረዳ ባስረዳ አልሆነልኝም። በመጨረሻ የዕብራይስጡን ቃል ተጠቀምኩ፦ «ሽቪታ»። ወለል የሚጠርጉት ሽማግሌ፣ የቄስ ልጅ ናቸው፣ ቀና አሉ።

«ሽቪታ… ሻባት። ያው ሰንበት ማለት አይደል?»

«ሥሩ አንድ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንደሱ አትልም! ሰንበትማ እናውቃለን። ነገ ሰንበት ነው። ቤሰደር፣ እሺ?»

ረቡዕ ሁሉም ነጭ ለብሰው መጡ። ከበሩ ፊት ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ገባሁ። ከውስጥ አስተርጓሚ ያስፈልጋል ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት፤ ቋሚነቴንም አስቤ ነበር። ሌሎቹ ቋሚዎችም ገቡ፣ ግን ክዳን የሚገጥም ስላልነበረ ሥራው ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ትኩስ ሻይ ላከላቸው። በሰንበት ትኩስ አይጠጣም ብለው መለሱት።

«የረሃብ አድማ ነው እንዴ?» አለኝ ደንግጦ።

«ከሱም የባሰ ነው» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ተረታ። ለቃብላኑ ደወለለት፤ ቃብላኑም ማምሻውን መጥቶ የሴትዮዋን የስንብት ደብዳቤ በፊርማው እንደሚሰርዝ ተስማማ።

ቃብላኑ ገና መንገድ ላይ ሳለ ፀሐይ ጠለቀች። በመስኮት ሳይ ሽማግሌው ተነሱ፣ ሰማዩን አዩ፣ መረቁ። ሌሎቹም ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሱ። ሮጬ ወጣሁ።

«ወዴት ነው? አላለቀም እኮ!»

«ሰንበት ወጣ፣ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው፣ እንደሚያጽናና ሰው። «ያላ፣ እንሂድ፣ መኪናው ጥሎን እንዳይሄድ።»

ይኼኛው ሰንበት ፀሐይ ስትጠልቅ እንደማይወጣ የነገራቸው የለም። ሊነግራቸው የሚችለው ሰው ቀኑን ሙሉ ውስጥ ነበር።

ቃብላኑ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ሣር ነው። ብዕሩን ከኪሱ ሳያወጣ ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት እንደገና እንቀመጥ ብዬ ለመንኳቸው።

«ሁለት ቀን የሚውል ሰንበት የት አገር አይተሃል?» አሉኝ።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ክዳን ገጠሙ። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉና ወደ እኔ መጡ።

«አልተቀየምሁህም» አሉኝ። «ሌሎቹ የገቡት ሕጉን አያውቁም። አንተ ግን እያወቅህ ሰንበቱን ሻርኸው።»

ከዚያ ወዲህ ስለ መደብ ትግል ብዙ አንብቤአለሁ፣ ጥቂትም ጽፌአለሁ። ለሳቸው መልስ የሚሆን አንድ ገጽ አላገኘሁም። ስለዚህ ቋሚ ሥራ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ጭብጨባችሁን አልፈልግም። የመሥሪያ ቤታችሁ በር ላይ የቃብላን ሠራተኞች ተቀምጠው ካያችሁ፣ አትግቡ።