ዓሣ ይተው

ድሬሰር ገሠሠ ከጎጃም ተነሥቶ ጋምቤላ ከገባ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በኢታንግና በከተማው ቁስል አጥቧል፣ መርፌ ወግቷል፣ የወለቀ ትከሻ መልሷል። «በእኔ እጅ የገባ በእግሩ ነው የሚወጣ» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። በራሱ ከመተማመኑ የተነሣ፣ የገዛ እግሩ አውራ ጣት በሪህ አብጣ ቀይ ሽንኩርት ስታክል እንኳ «ይቺንስ አውቃታለሁ» ብሎ የሐኪሙን ትእዛዝ በግማሽ ነው የሚፈጽም።

አንድ ነገር ብቻ ሆዱን ይበላዋል። እዚህ «አንቱ» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ኑዌሩም አኙዋኩም ትልቅ ሰው የሚያከብርበት የራሱ ወግ አለው፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያው «አንተ» ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያገለገለ ሰው በአገሩ ቢሆን አንቱ የተባለ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይቆጣ ነበር፣ ኋላ ተወው፤ መርሳት ግን አልረሳውም። እኛም እንደ ከተማው ወግ «አንተ» እያልነው እንቀጥል፤ አይቀየመንም።

ጎረቤቱ ፋጢማ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አላት። ከመደርደሪያው በላይ በሽቦ ቤት ውስጥ ሱልጣን የሚባል ድርጭት ይኖራል። ሱልጣን ከጡጫ አይበልጥም፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር ግን ድምፁ ሱቁን ይሞላዋል። ልጇ ሰአዳ ጅማ ስታገባ ትታላት የሄደችው ነው። ዘንድሮ ሰአዳ የመውለጃዋ ወር ሲቃረብ፣ ፋጢማ ልታርሳት ለሁለት ወር ጓዟን ሸከፈች።

«ድሬሰር፣ ሱልጣንን ለእርስዎ ትቼ ነው የምሄደው። የማሽላ ክክ፣ ትንሽ ጎመን፣ ውሃ፤ ሌላ አይፈልግም። የሰአዳ ማስታወሻዬ እሱ ነው፤ አደራዎን» አለችው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ሂጂ፣ አታስቢ» አላት ገሠሠ።

ማሽላውን ሲያይ ግን አንጀቱ አልቻለም። ስንቱን የደከመ በሾርባ ያነሣ ሰው፣ እንግዳውን በደረቅ ክክ ሊያኖር? የቀድሞ ታካሚው ዱዎፕ በየሳምንቱ ከኢታንግ የዓሣ ቋንጣ ይልክለታል። ከዚያ እየወቀጠ ማሽላው ላይ ይነሰንስለት ጀመር። ሱልጣንም ይሉኝታ አያውቅምና ጥርግ አድርጎ ይበላል።

በአራተኛው ሳምንት ሱልጣን አንድ እግሩን እየሰበሰበ መቆም አመጣ። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ባቄላ አከለ። ገሠሠ እግሩን በለብታ ውሃ ነከረለት፣ ቫዝሊን ቀባው። የራሱንም ክኒን በምላጭ ከስምንት ከፍሎ አንዷን ሊያጎርሰው ከቃጣ በኋላ፣ «ቆይ፤ የዚህ ፍጥረት ኩላሊት ምን ታክላለች?» ብሎ እጁን መለሰ። በነጋታው ወፉን በካርቶን አድርጎ፣ ለስንቅም የዓሣ ዱቄት በትኖለት፣ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄደ።

የክሊኒኩ ባለሙያ ኛቴኒ የማታር ተወላጅ ኑዌር ናት። ሕፃን ሳለች ኢታንግ ላይ ክትባት የወጋት ገሠሠ ነው፤ «አንተ አስለቅሰኸኛል» እያለች እስከ ዛሬ ትቀልድበታለች። የሱልጣንን መዳፍ ገልብጣ አየች፤ ቁስልም ቅርፊትም የለም። መገጣጠሚያውን ዳበሰች፤ አይፋጅም፤ ከቆዳው ሥር ግን ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል።

«ሪህ ነው» አለች።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ገሠሠ ደስ ብሎት። «ለሁለታችንም ነው የመጣው። የእኔንም ጣት ተመልከቻት» ብሎ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ። ኛቴኒ ካርቶኑን ስታሸት ያላየውም ለዚህ ነው። ወዲያው ደጅ ላይ ላም ያመጡ ሰዎች ተጣሩ። እሷም ጓንቷን እያጠለቀች፣ «ዓሣ ይተው። ሥጋም ይተው። ውሃ ብዙ ይጠጣ። ሳምንት ይምጣ» ብላ ወጣች።

ገሠሠ አንድ ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ይተው፣ ይጠጣ፣ ይምጣ። ኛቴኒ አንቱ አለችው። «ይጠጡ» ማለት ሲገባት «ይጠጣ» ማለቷ ምንም አይደል፤ አማርኛን ትልቅ ሆኖ የተማረ ምላስ እንዲህ ያለውን ይስታል። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀው አክብሮት መምጣቱ ነው ዋናው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ባጃጅ ነጂውን ሳይቀር መረቀው።

የሐኪም ትእዛዝ በግማሽ የሚፈጽመው ሰው ያን ሳምንት ሙሉ በሙሉ ታዘዘ። ዓሣ አልቀመሰም፤ ውሃውን በላይ በላዩ ጠጣ። የተረፈውን ድርሻውንስ? «በሽተኛ ይጠንክር» ብሎ ለሱልጣን ጨመረለት። በሳምንቱ የገሠሠ ጣት እብጠቷ ጎደለ። ሱልጣን ግን ሁለቱም እግሩ አብጦ በሆዱ ተኛ፤ ድምፁም ጠፋ።

ፋጢማ የደወለችው በዚያው ቀን ነው። ሰአዳ ወንድ ልጅ ወልዳለች። «ሱልጣንን እስቲ ያሰሙኝ፤ ለሕፃኑ ላሰማው» አለች። ገሠሠ በዘመኑ ስንት መርዶ የተናገረ ሰው ነው፤ ይህን ግን አልደፈረም። «ተኝቷል» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ሆኖም አፈረ። ስልኩን ዘግቶ ካርቶኑን አነሣ።

ኛቴኒ ወፉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ዓሣ ተወ?»

«ተውኩ እንጂ። ጣቴን እያት፤ ሟሟች።»

«አንተ አይደለም» አለች ኛቴኒ። «እሱ። እሱ ዓሣ ይተው።»

ገሠሠ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «አንቱ ያልሽኝ መስሎኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ድሬሰር፣ እኔ አንተን አንቱ ብዬህ አውቃለሁ?»

አታውቅም። ለአንዲት ቃል ብሎ የሰው አደራ ሊገድል ነበር፤ ይህን ሲያስብ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኛቴኒም አይታው ድምፅዋን አለዘበች። ዓሣውንም ሥጋውንም ከነጭራሹ እንዲያቆምለት፣ ወደ ማሽላውና ወደ ጎመኑ እንዲመልሰው፣ ሙቀቱ ብርቱ ነውና ውሃውን በቀን ሦስቴ እንዲቀይር፣ በሽቦው ላይ ለስላሳ ሣር እንዲያነጥፍ ነገረችው።

«ክኒን ሰጠኸው?»

«ልሰጠው ነበር፤ ተውኩ።»

«ጥሩ። ብትሰጠው ዛሬ አታመጣውም ነበር። እብጠቱ ሁሉ ላይጠፋ ይችላል። ግን በእግሩ ይቆማል።»

ይቆማል ካለች፣ ገሠሠ ማቆሙን ያውቅበታል። ሌላ ሥራ ሁሉ ቀረ። ሣር ከባሮ ዳር እያጨደ አነጠፈ፣ ውሃውን ሦስቴ ሳይሆን አምስቴ ቀየረ፣ የዱዎፕን ቋንጣም ለጎረቤት አደለ። በዘጠነኛው ቀን ሱልጣን በአንድ እግሩ ተነሣ፤ በአሥራ አራተኛው በሁለቱም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ነጂው ውሃ ሊለምን ቢገባ፣ ሱልጣን ደንበኛ መጣ ብሎ ቤቱን በድምፁ ሞላው።

ፋጢማ ስትመለስ ሱልጣን ቆሞ ጠበቃት። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥቂት እብጠት ቀርታለች እንጂ ደህና ነው። ገሠሠ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። እሱ ግን ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከዓሣው እስከ «ይተው» ድረስ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ፋጢማ ሰምታ ስትጨርስ፣ «ማሽላ ያልኩት ንፉግ ሆኜ መስሎዎት ነው?» አለችው። ከዚያ ሱልጣን ሲጮህ ስልኳን አውጥታ ጅማ ደወለችና ለሕፃኑ አሰማችው።

በሳምንቱ ኛቴኒ ሳሙና ልትገዛ ወደ ሱቁ ጎራ አለች። ገሠሠ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሱልጣንን አየት አደረገችና፣ «እግር እንዴት ነው?» አለች።

«የማን?» አለ ገሠሠ ቀና ብሎ።

«ያንተ።»

ገሠሠ ሳቀና ከወንበሩ ተነሣላት። ሠላሳ አራት ዓመት ጆሮውን የቆረቆረችው ቃል ያን ቀን ደስ አለችው። «ደህና ነው፤ ዓሣ ትቻለሁ» አላት።