ለእትዬ ዘይነባ ያበጀሁት ሼል

ከወልቂጤ ቡታጅራ መጥቼ አንድ ክሊኒክ በዳታ ሠራተኛነት የጀመርኩ ዕለት፣ ሥራ አስኪያጁ ካርድ ክፍል አስገቡኝና «እትዬ ዘይነባ እስከ አዲስ ዓመት ኮምፒዩተሩን ካልለመዱ ወደ ልብስ ማጠቢያ ይዛወራሉ፤ አስተምሪያቸው» አሉኝ። ይህን ያሉት እትዬ ዘይነባ ፊት ነው። እኔ አፈርኩ።

እትዬ ዘይነባ ከሃያ ዓመት በላይ ካርድ ያወጡ ሴት ናቸው። በሽተኛው ስሙን ሳይጨርስ ካርዱ እጃቸው ላይ ነው። አዲሱ የቀጠሮ መዝገብ ግን ፓይተን በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ ሼል ነበር የሚሠራው፤ ትእዛዝ ሲጽፉበት እዚያው የሚመልስ ጥቁር መስኮት ነው። ትእዛዙ እንግሊዝኛ፣ ፊደሉ ደቃቃ። አንድ ቅንፍ ከጎደለ ቀይ ጽሑፍ ይደረድራል።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ይቆጣኛል» አሉኝ።

ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በሼሉ። ሼል ሲከፈት መጀመሪያ የሚያነበው ፋይል አለው፤ የፈለጋችሁትን አመል እዚያ ታስይዙታላችሁ። ትእዛዞቹን «ዛሬ»፣ «ቀጠሮ»፣ «ፈልግ» አልኳቸው። ቅንፉን አስቀረሁ፣ ፊደሉን አጎላሁ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አደረግሁት። ሲሳሳቱም በቀዩ ፋንታ «እንደገና ይሞክሩ እትዬ» ይላል።

ይህን ሲያዩ ሳቁና «አልሀምዱሊላህ፣ አሁን ገና ሰው ሆነ» አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ነሐሴ ሳያልቅ ከእኔ ይፈጥኑ ጀመር።

ጷጉሜ አንድ ዕለት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ አንድ ሽማግሌ ከእንሴኖ መጡ። የቀጠሮ ወረቀታቸው ጷጉሜ አንድ ይላል፤ ሼሉ መስከረም አንድ። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቆመዋል።

«ይኸው፣ ወረቀቱ ላይ ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ። እኔስ ብዬ ነበር» አሉ።

እትዬ ዘይነባ መነጽራቸውን አወለቁ። «እጄ ይሆናል ያጠፋው» አሉ በቀስታ። የሽማግሌውን ካርድ አውጥተው ወደ መድኃኒት ክፍል ላኳቸውና ነጠላቸውንና ቦርሳቸውን ይሰበስቡ ጀመር።

ጷጉሜ አንድን ራሴ አስገባሁ። መስከረም አንድ ብሎ መለሰ። ለካ ቀን መቁጠሪያውን ስጽፍ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ቆጥሬ፣ ደሞዝ የማይታሰብባትን ጷጉሜን ረስቻታለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። የሙከራ ጊዜዬም ገና አላለቀም።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩና አሳየኋቸው።

ስክሪኑን ትንሽ አዩት። «ስትጽፊው እትዬ ዘይነባን አልጠየቅሻቸውም?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

ወደ እትዬ ዘይነባ ዞረው «ይቀመጡ፣ ቦታዎ ነው» አሉና ወጡ።

እትዬ ዘይነባ እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው፣ «በይ አብረን እናስተካክለው። ጷጉሜ ስድስት የምትሆንበትም ዓመት አለ፤ እሱንስ አስበሻል?» አሉኝ።

አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሰው መሣሪያ የማበጀው ባለቤቱን ከጎኔ አስቀምጬ ነው።