ፊርሜን ለላሞቹ ይዘፍን የነበረው

ፊርሜን ቪዳላን ቁመቱ አጭር፣ ጢሙ ረጅም፣ ድምፁ ደግሞ የሴት ነበር። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ራሱም ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ቄሱ ዘወር ብለው የሚያዩት ወደ ሴቶቹ ወንበር ነው። ይሁን እንጂ እንጀራው ያ ቀጭን ድምፁ ነበር።

በእኛ በካንታል ተራሮች ላሞቻችን መልካቸው ቀይ፣ ቀንዳቸው ረጅም፣ አመላቸው ክፉ ነው። ጥጃዋን አጠገቧ ሳታይ አንዲት ጠብታ ወተት የምታወርድ የለችም። አላቢው ጥጃውን ያመጣል፣ ጥቂት ያስጠባዋል፣ ከፊት እግሯ ጋር ያስረዋል፣ ጀርባው ላይ ጨው ይነሰንስበታል፤ እሷ ጨዉን ስትልስ እሱ ያልባል። ይህም አይበቃትም። የለመደችው ድምፅ ካልዘፈነላት ባልዲውን በእርግጫ ብላ ወደ ሸለቆው ትልከዋለች። ፊርሜን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነበር። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ተራራው ላይ ባለች የድንጋይ ጎጆ ከረዳቱ ከማርሴላን ጋር ይከርማል፤ ጠዋትና ማታ እየዘፈነ ያልባል፣ ከበሮ የሚያህል አይብ ይሠራል። ሴት ወደዚያ አትወጣም። ለምን ብትሉኝ አባቶቻችንም አላወጡም፤ ከዚያ አልፎ ያሰበበት የለም። እኔ ዤሮ ዳቦ በበቅሎ ጭኜ ወደ ጎጆዎቹ ስለምመላለስ ነው የዚህን ቤት ነገር ከሥር ከመሠረቱ የማውቀው።

ሚስቱ ሊዮንቲን የሴን ፍሉር ሰው ናት። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ካንታል አንድ አውራጃ ነው ይባላል፤ ካርታው ላይም አንድ ቀለም ተቀብቷል፤ ግን መሐሉ ላይ ያ የሞተ እሳተ ገሞራ ተጋድሞ ለሁለት ከፍሎታል። ወደ ምዕራብ እኛ የኦሪያኮቹ አለን፤ ዝናብ፣ ሣርና አይብ። ወደ ምሥራቅ እነሱ የሴን ፍሉሮቹ፤ ነፋስ፣ ብርድና ምስር። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን፣ ከአብዮቱ በኋላ አውራጃው ሲቋቋም ዋና ከተማው የት ይሁን ሲባል ሁለቱ ከተሞች አንገት ለአንገት ተያያዙ። መንግሥትም ቢጨንቀው በተራ በተራ ሁኑ አላቸው። ሹማምንቱ ዕቃቸውን በጋሪ እየጫኑ ተራራውን ወዲያና ወዲህ ሲሉ ከርመው በመጨረሻ ለኦሪያክ ጸና። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሊዮንቲን ግን ዋና ከተማውን ትናንት ማታ ከጓዳዋ የሰረቋት ነበር የሚመስላት።

“ደሞ ዋና ከተማ!” ትለው ነበር ባሏን፣ እኔ ቁጭ ባልኩበት። “በምን ይኖራል? ዣንጥላ እየሰፋ! ሰማዩ የጠላቸው ሰዎች!”

“ዝናቡ ባይኖር ሣሩ የለ፣ ሣሩ ባይኖር አንቺም አይብ አትበዪም ነበር።”

“ምስሬን እበላለኋ።”

“እሱንማ እኔም እየበላሁት ነው፤ ይኸው ከተጋባን ጀምሮ።”

ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ሀብት አንድ ባንድ ያፈሯቸው ላሞች ብቻ ናቸው፤ ተራራውም የኪራይ ነው፤ ኪራዩ የሚወጣው ከአይቡ ነው። ላም የሌለው ሰው ደግሞ እዚህ አገር የሚደርስበት የታወቀ ነው፤ ፓሪስ ወርዶ ከሰል ይሸከማል፣ ሲሳካለት ወይን ጠጅ ቤት ይከፍታል። የሊዮንቲን ወንድም እዚያ ነው። በመጣ ቁጥር፣ “እነዚህን ቀንዳሞች ሽጡና ኑ፤ ፎቅ ለፎቅ የሚሸከመው ያጣ ከሰል ሞልቷል” ይላቸዋል። ፊርሜን ይህን በሰማ ቁጥር ተነስቶ ላሞቹን ሊያይ ይወጣ ነበር።

አንድ ዓመት ታዲያ፣ በሰኔ፣ ድምፁ ጠፋ። መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ ጭራሽ ተዘጋ። ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ እባጭ እንዳለው ነገረው፤ እስከ መስከረም አንድ ቃል ከተነፈሰ፣ ሹክሹክታም ቢሆን፣ ድምፁን ለዘለዓለም እንደሚሰናበተው አስጠነቀቀው። ፊርሜን ከተራራ ወርዶ ማድ ቤት ውስጥ ተጎለተ።

ላይ ማርሴላን ብቻውን ቀረ። ማርሴላን ደግ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ ነው የሚወጣው። መሪዋ ላም ማርኪዝ አንዴ ብትሰማው ባልዲውን፣ በርጩማውንና እሱን በየተራ ገለበጠችው። የሌሎቹም ግት ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ጥጃዎቹ ጠብተው ጠብተው አላልቅ አላቸው። ይህን ወሬ ለሊዮንቲን ያመጣሁላት እኔ ነኝ።

“ትንሽ ከቆዩ ይነጥፋሉ” አልኳት። “ግታቸውም ይመረቅዛል።”

እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ “እኔ እወጣለሁ” አለች።

ነገሩ የማይሆን አይደለም። የባልና ሚስቱ ድምፅ አንድ ነው፤ ማታ ማታ ሲጣሩ ማን ማንን እንደሚጠራ መንደሩ አይለይም። ፊርሜን ግን ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን አወራጨ፣ በሩ ላይ ሄዶ ተገተረ።

“ምንድን ነው? ሴት አትወጣም ነው?” አለችው።

አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

“ገባኝ! የሴን ፍሉር ሴት ላም አታልብም ነው! አውቄዋለሁ!”

ምስኪን፣ ፊቱ በላብ ተነከረ። መሬት ላይ ተንበረከከ። እሷ ደግሞ መንበርከኩን ለልመና ቆጥራው፣ “አይዞህ፣ ላሞችህን አልጎዳብህም” ብላው በላዩ ተራምዳ ወጣች።

በበቅሎዬ ኋላ ተከትላኝ ማምሻውን ጎጆው ደረስን። ማርሴላን ሲያያት ኮፍያውን አውልቆ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን ማየት ጀመረ።

“ዜማውን አውቀዋለሁ” አለችው። “ነፋሱ ሁልጊዜ እታች ያመጣልኛል። ቃሉ ነው የማይሰማኝ። በል ንገረኝ።”

“እሜቴ፣ በዜማው ብቻ ቢሞክሩትስ?”

ሞከረች። ማርኪዝ ጆሮዋን አቆመች፣ ገረማት፣ ጥጃዋንም አስጠጋች፤ ወተቱን ግን ከለከለች። ሊዮንቲን በዜማው ላይ ስለ እመቤታችን ማርያም የሚዘመረውን ብታስገባበት ላሚቱ እግሯን አነሳች።

“ቃሉን ይፈልጋሉ ማለት ነው። ንገረኝ!”

“እሜቴ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ።”

“ታዲያ?”

“ያሳድጓቸው ይሆን ብዬ ነው፣ እኔን ዛሬ ቢገድሉኝ።”

በመጨረሻ ግን የላሞቹ ጩኸት አላስቆም አለው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ የሞተ ሰው እንደሚያረዳ ሰው፣ እንዲህ አላት፦

“ነይ ማርኪዝ ነይ፣ ነይ ወተቴ፣
ከሴን ፍሉር መጣች ብርድ ለቤቴ።”

እኔ የበቅሎዬን መጫኛ ማስተካከል ጀመርኩ፤ ምንም ያልላላ መጫኛ።

“ቀጥል” አለች ሊዮንቲን።

“ምስር ቀቅላ ምስር አበላችኝ፣
ዣንጥላ ብዘረጋ ከውስጥ ዘነበችብኝ።”

“ስንት ነው እንዲህ ያለው?”

“እንደ ላሞቹ ብዛት ነው እሜቴ። ለየላሚቱ የየራሷ አላት።”

ፊቷ ሣሩ ላይ ከተኙት ላሞች ይልቅ ቀላ። ትታን ትወርዳለች ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ብትወርድ አልፈርድባትም። እዚያው ቆማ የማርኪዝን ግት አየች፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ወንድሟ የሚላት ከሰል ትዝ ይበላት አይበላት አላውቅም። በርጩማውን ስባ ተቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እና ስለ ራሷ የተባለውን፣ አንዲት ቃል ሳትዘል፣ በዚያ በቀጭን ድምፅ አወረደችው። ወተቱ ባልዲውን ሲመታ ማርሴላን አማተበ።

ሦስተኛዋ ላም ላይ ስትደርስ ለማሻሻል ሞከረች። ለላሚቱ የተሰጣት እንዲህ የሚል ነው፦

“ላሟ ትራራለች ጥጃዋን ስታይ፣
የኔዋን ስትስቅ ያያት አለ ወይ?”

ሊዮንቲን “ስትቆጣ” ብላ ቀየረችው። ላሚቱ ባልዲውን በእርግጫ መታችው። ሊዮንቲን ከወተቱ ውስጥ ተነስታ፣ ቀሚሷን ጨምቃ፣ እንደገና ተቀመጠችና፣ “ስትስቅ! ስትስቅ! ደስ ይበልሽ!” ብላ ጮኸችባት።

ነፋሱ ለቅርብ ሰው ቃሉንም አይሸሽግም። በአጠገብ ያሉት ጎጆዎች ውስጥ ወንዶቹ ማለባቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር። በማግስቱ ዳቦ ይዤ ስዞር ዳቦውን የጠየቀኝ አልነበረም፤ “ዤሮ፣ የምስሯ እንዴት ነበር የምትለው?” ነው ሁሉም።

ፊርሜን ታች ሆኖ በሐሳብ መብሰልሰሉ አልቀረም። ላሞቹ መታለባቸውን ነገርኩት፤ ደስ አለው። ከዚያ በምን ቃል እንደታለቡ ገባው፤ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጥቂት ቀን ታገሰ። ኋላ ግን አንድ ጠዋት በቅሎዬ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት፤ ሳይናገር አብሮኝ ወጣ።

የደረስነው ማለቢያው ሰዓት ላይ ነው። እሷ ማርኪዝ ሥር ተቀምጣ፣ “ብርድ ለቤቴ” ትላለች። ፊርሜን ከበቅሎዬ በስተጀርባ ተደበቀ። በቅሎ ደግሞ ነገር አትሸፍንም፤ ሣር ልትግጥ ወደ ጎን አለችና አጋለጠችው።

ሊዮንቲን ተነሳች። “መጣህ?”

ፊርሜን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

“ያንን ሁሉ ዓመት ነፋሱ ዜማህን ሲያመጣልኝ መስኮት ከፍቼ ስሰማ ነበር፤ ታውቃለህ? ከቤቱ የራቀ ሰው ናፍቆት ነው፣ ለኔ ነው እያልኩ! መልስ እንጂ!”

ፊርሜን አፉን ከፈተ።

“ዝም በል!” ብላ ጮኸች። “ሐኪሙ ከልክሎሃል! ድምፅህን ልታጣ ነው?”

አፉን ዘጋ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማርሴላንና እኔ የምንገባበት ጠፋን። ፊርሜን ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረው፣ ከማርሴላን ትከሻ ላይ የጨው ከረጢቱን ወሰደ፣ የሚቀጥለውን ጥጃ ፈቶ አመጣ፣ ከእናቱ እግር ጋር አሰረው፣ ጀርባው ላይ ጨው ነሰነሰለት፣ እና ከሊዮንቲን ጎን ጎንበስ ብሎ ቆመ። እሷም ትንሽ አየችው።

“በዝቷል ጨዉ” አለችና ተቀመጠች።

መስከረም ላይ ድምፁ ተመለሰ። እሱ ተመለሰ እንጂ ላሞቹ አልተመለሱለትም። ቢዘፍንላቸው አንገታቸውን አዙረው የሴን ፍሉሯን ሴት ይፈልጋሉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የተራራው አላቢ ሊዮንቲን ሆነች፤ እሱ ጨው በታኝ። የጎረቤት ወንዶች ሳቁበት፤ ሆኖም በአይባቸው ማን እንደሚበልጥ ነጋዴዎቹ ስለሚያውቁ ሳቁ ብዙም አልቆየ። ፓሪስ ያለው ወንድሟም ዝም አለ። ፊርሜን አንዳንዴ፣ “ያንን ቃል እስቲ ትንሽ እናለስልሰው” ይላት ነበር። “ላሞቹ አይወዱም” ትለዋለች።

ፊርሜንን የቀበርነው ከዓመታት በኋላ በመጋቢት ነው፤ ዝናብ ይወርድ ነበር። መንደርተኛው በሙሉ ዣንጥላ ይዞ ቆመ፤ እሷ አልያዘችም። ግንቦት ላይ ላሞቹን ነድታ ወጣች።

ባለፈው ሰሞን ዳቦ ይዤላት ስሄድ ማምሻውን አገኘኋት። ማርኪዝ የለችም፤ የዚያን ጊዜዎቹ ሁሉ የሉም። ያሉት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ ፊርሜንን ሲዘፍን የሰማ አንድም የለም። እሷ ግን ያችኑ ብርድ፣ ያንኑ ምስር ትላለች፤ አንዲት ፊደል አላጎደለችም።

“ሊዮንቲን” አልኳት፣ “እነዚህ ላሞች ከጥጃነታቸው ካንቺ ሌላ የሚያውቁት የለም። መጀመሪያ ያስተማርሻቸውን ነው የሚለምዱት። ለምን ስለ ራስሽ ደህና ደህናውን አታስተምሪያቸውም ነበር?”

ጨው ከከረጢቱ ዘግና ጥጃው ጀርባ ላይ ነሰነሰች።

“እሱን ከቀየርኩት፣ ዤሮ” አለችኝ፣ “እኔን ማን ይሰድበኛል?”