መስታወቱ ቅዳሜ ይሰበራል

የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ዛሬ ሰልፍ ላይ ስለ ሙቀቱ የጻፍኩትን አቤቱታ አነበቡና የቤተ መጻሕፍቱ የመስታወት ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬት ይሠራል አሉ። ደስታዬን የት ላድርገው?

ሕንፃውን ድሮ የነደፉት እንግሊዞች ናቸው። ፀሐይ ብርቅ የሆነባቸው ሰዎች ስለሆኑ መስታወቱን በሙሉ ወደ ምዕራብ አዞሩት። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ፀሐይ መጽሐፉንም እኛንም ያደርቀናል።

በወጣትነታቸው ለእንግሊዞቹ ንድፍ ይሥሉ የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ወጥተውም ቤተ መጻሕፍቱን በነፃ ይጠብቃሉ። መጋረጃ ግን አያሰቅሉም።

«ብርሃን አይጋረድም፣ ልጄ» ይላሉ፤ ላባቸው እየተንጠባጠበ።

ከሰልፉ በኋላ መስታወቱን ሲወለውሉ አገኘናቸው።

«ምን በደልኩሽ?» አሉኝ።

«ይተዉት፣ ጋሼ። ለሚሰበር ነገር አይድከሙ» አልኳቸው። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችሁም ኑ። እኛ በዛፉ ጥላ ሥር እንቆማለን። ፀሐዩን ለጋሼ እንተውላቸው፤ ይወዱታል።