ከኮቶቹ ኋላ የቆሙት ጠመንጃዎች

በፈረንጆቹ 2021 ነው፤ ኮሮናው ገና አልለቀቀንም። ልጄ ፖላሪስ የሚባል ሰፈር ከነበረችበት አፓርትመንት ልትለቅ ስለሆነ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ዕቃዋን ልሸክፍላት ሄድኩ። ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ስትሰጣቸው የኖሩ ሽማግሌዎች በላይ በላዩ ሲሞቱባት ዝምተኛ ሆና ነበር።

ክሎዜቱን ከፍቼ የብርድ ኮቶቿን ሳወርድ፣ ከኋላ ረጃጅም ጠመንጃዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ኮቶቹን እንደታቀፍኩ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ልትገድል ነው ብዬ አይደለም የደነገጥኩት፤ ራሷን ነው።

ኮል አደረግኩላትና ቶሎ ነይ ብቻ አልኳት። መጥታ ስታየኝ ነገሩ ገባት። በእንግሊዝኛዋ መሀል አማርኛ ጣል እያደረገች አስረዳችኝ። ኤም ዋን ይባላሉ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናቸው፣ ቤቱ ውስጥ አንድም ጥይት የለም። እሷ የምትሰበስበው መጀመሪያ ላይ የተሠሩትን ነው። የእነዚያን አፈሙዝ ፋብሪካው መልሶ ስለቀየረው፣ ሳይነካ የቀረ እንደ ልብ አይገኝም። የድሮውን ዕቃ እየለቀመች አንዱን እንደነበረ ልትመልሰው ትፈልጋለች። ይህን ስትናገር ፊቷ ፈካ።

"ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ዳድ" አለችኝ።

ጡረታ የወጣው ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊቭላንድ አቬኑ ጓደኛው ሱቅ ሊያግዝ እንደሚሄድ ነበር የሚነግረኝ። ለካ ከልጁ ጋር የጠመንጃ ገበያ ሲዞር ኖሯል። በወጣትነቱ ክብር ዘበኛ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ግን በትዳራችን ዘመን ሁሉ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ለእሷ የሞቱ ጓደኞቹን በስም እየጠራ አጫውቷታል። ኤም ዋኑን አስረክቦ ከካምፕ የወጣበትን ቀን እንኳ ነግሯታል። ከጠመንጃዎቹ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ።

ቤት ገብቼ ስጠይቀው ለመካድ አልሞከረም።

"እሷ ጠየቀችኝ፤ አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለኝ።

እውነቱን ነው። ቁስሉን የማልነካካው አዝኜለት ይመስለኝ ነበር። ወደ ጓዳ ገባሁ።

ልጄ አዲሱ ቤቷ ስትገባ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ካልገዛሽ ብዬ ያዝኳት፤ ገዛች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሬያቸው ገበያው ሄድኩ። ስንመለስ እሷ ቤት ባለቤቴ አንዱን ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ይፈታ ጀመር። ዓይኑ ልጁ ላይ ነው፤ እያወራት እጁ ብቻውን ብረቱን ከእንጨቱ፣ ምላጩን ከብረቱ ይለያል። አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። እኔ የማውቀው ሰውዬ አምፖል ለመቀየር እንኳ እኔን ነው የሚጠራው። ወንበሬን ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ አፌን ይዤ አየዋለሁ።